ጋሽ ደምሴ በአራተኛዋም ኳስ አይሰጡም

ውሸት ነው ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ውሸት ነው ብዬ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግሬፕቫይን፣ የምሠራበት ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ትርሲት ኮል አደረገች። «አባዬ አረፈ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? «አሪፍ ነው፣ ግን አልሸወድም!» ስንት ጊዜ ስሸውዳት የኖርኩ ልጅ ነኝ፣ ብድሯን የምትመልስ መሰለኝ። «አልቀለድኩም» አለች። ያኔ ገባኝ።

አዲስ አበባ ላሉት የጋሽ ደምሴ እህት መርዶው እስኪነገር አፌን ዘግቼ ዋልኩ። አሁን ሰምተዋል። ሶ አሁን የሚያስቆመኝ የለም።

ጋሽ ደምሴን ለማታውቁ፦ የትርሲት አባት ናቸው፣ የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር፣ ሌክ ሃይላንድስ ከእኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ። ቅዳሜ የኮሌጅ ፉትቦል ቀን ነው፤ የእሳቸው ደግሞ የሥራ ቀን። ስለዚህ ትርሲት ጌሙን ትቀዳላቸዋለች፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ልክ አሁን እንደሚካሄድ አድርገው ያዩታል። ቅዳሜ ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ አይከፈትም። ማሊያ ለብሶ የገባ ተሳፋሪ «ስለ ጌሙ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ሃይዌይ ላይ አወርድሃለሁ» ይባላል። እሁድ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት «አይቻለሁ» ወይም «አላየሁም» ማለት አለበት። ያየ ሰው አፉን ይዞ ጥግ ይቀመጣል።

እኔ ሁሌ አይቼ «አላየሁም» እላለሁ።

ፉትቦል ለማታዩ በአጭሩ፦ አንድ ቡድን ኳሷን በእጅ አቅፎ አሥር ያርድ ወደ ፊት ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ሦስቱ ካልሠሩ ብዙው አሰልጣኝ ይፈራና በአራተኛዋ ኳሷን አርቆ ጠልዞ ለሌላው ቡድን ይሰጣል። ደፋሩ ግን ይሞክራታል። ካልተሳካ ኳሷ እዚያው ባለችበት የባላጋራ ናት። ጋሽ ደምሴ የሚጠልዝ አሰልጣኝ ሲያዩ ከሶፋው ብድግ ይሉና «ምርቃት የለም! ሽንኩርት ነው እንዴ የምትሸጠው?» ብለው በቲቪው ላይ ይጮሃሉ።

አንድ እሁድ የእሳቸው ቡድን እየመራ፣ ገና በራሱ ሜዳ ላይ እያለ፣ ሁለት ያርድ ቀርቶት አራተኛዋ ላይ ደረሰ። እኔ ቅዳሜ አይቼዋለሁ። አሰልጣኙ ይሞክራል፣ ይከሽፋል፣ በዚያው ይሸነፋሉ። እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ጋሽዬ፣ ይቺማ መጠለዝ አለባት። ካልጠለዘ እብድ ነው» አልኩ።

«አንተ ፈሪ! ዝም በል!»

ሞከረ። ከሸፈ። ሶፋው ላይ ወጥቼ እስክስታ መታሁ። «አላልኩም? አላልኩም?»

«አባዬ፣ ትናንት ጋርላንድ፣ ጓደኛው ናቲ ቤት አይቶታል!» ብላ ትርሲት አጋለጠችኝ።

በጫማ የሚሉኝ መስሎኝ ወደ በሩ ሸሸሁ። እሳቸው ግን ሪሞቱን አንስተው ወደ ኋላ መለሱት፣ ኳሷ ልትነሳ ስትል ቀጥ አድርገው አቆሙት። «ና፣ እዚህ ቁም» አሉኝ። «ውጤቱን አይቶ መምከርማ የአክስቴም ፍየል ታውቅበታለች። አሰልጣኙ የቆመው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ያርድ። አሁን ንገረኝ፣ ምን ታደርጋለህ?»

ከልቤ ሳስበው እኔም እሞክራት ነበር። ግን አልነገርኳቸውም፣ ለምን ደስ ይበላቸው?

ኦኬ። ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ዶክተሩ ስለ ልባቸው ሲነግራቸው ትርሲትና እኔ እዚያው ነበርን። ኦፕሬሽኑ ከባድ ነው፤ ሊያድናቸውም ይችላል፣ ላይነሱም ይችላሉ። ካልተሠራ በመድኃኒት ትንሽ መቆየት አለ፤ ግን ታክሲ የለም፣ ደረጃ መውጣት የለም፣ በየቀኑ እየደከሙ መሄድ ብቻ። ጋሽዬ ልጃቸውን አዩዋት። «አንቺስ?»

«አንተ የፈለግከውን፣ አባዬ። እኔ እሺ ነኝ» አለች።

ኦፕሬሽኑ እንዲሠራ ፈረሙ። እኔ ከበሩ ጋ ሆኜ «ጋሽዬ፣ ብንጠልዛትስ?» አልኩ። «ውጣልኝ ከዚህ!» ብለው ትራሱን ወረወሩብኝ። ዶክተሩ ብቻ ግራ ገባው። ከኦፕሬሽኑ ግን አልተነሱም።

ዛሬ ለቅሶ ቤት የሰማሁትን ልንገራችሁ። «ምነው ኦፕሬሽኑን ባይሠራው ኖሮ፣ ዛሬ ቁጭ ብሎ ባገኘነው።» «ልጅቷም እኮ እሺ ባትለው…» ትርሲት እዚያው ውሃ እያደለች ነበር። ሰምታለች። ውሃውን መሬት ላይ አስቀምጣ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቆለፈች።

ሶ ነገ የምትመጡ አባቶችና እናቶች፣ አክብሬ ነው የምለው፣ ማለቴ በጣም አክብሬ፦ ቅዳሜ አይታችሁ እሁድ አትምከሩን። ያቺን ቀልድ የማውቃት እኔ ነኝ፣ ርካሽ ናት። ልጅቷ እሺ ያለችው ውጤቱን ሳታውቅ፣ አባቷን ዓይን ዓይኑን እያየች ነው። እናንተ የት ነበራችሁ? ነገ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። «ባይሠራው ኖሮ» የሚል ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ይመለስ። ባለጌ በሉኝ፣ ለእናቴም ንገሯት፣ ለምዶብኛል።

ጋሽዬ፣

ትርሲት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ብዙ ቆየች። እኔም ከበሩ ውጭ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና «አባትሽ እንደገና ቢጠይቁሽስ?» አልኳት። ውሃ ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ «እሺ ነው የምለው» አለች። ወጥታ ከተወችበት ጀምራ ማደሏን ቀጠለች። ይህን ሳይሰሙ እንዳይሄዱ ብዬ ነው።

አሸንፈዋል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ዛሬ ውሸት አልሆነልኝም። ተሸንፈዋል። ግን ኳሷን ደረትዎ ላይ አቅፈው፣ ወደ ፊት ነው የወደቁት። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ።