የአባዬን እንቅልፍ የጠበቅንበት ቀን

አባዬ ካረፈ በኋላ ሲቲስኬፕ በሚባለው ሰፈር ያለውን የቤቱን ጋራዥ ሳጸዳ፣ ለበረዶ ጊዜ ከሚቀመጡት የመኪና ጎማዎች ጀርባ አንድ የባድሚንተን ራኬት አገኘሁ። መረቡ ላልቷል፣ እጀታው ላይ እማዬ የጠቀለለችው ፕላስተር ጠቁሮ ደርቋል፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የልጅነት ቤታችን ቤዝመንት፣ ያ ከመሬት በታች ያለው ክፍል፣ ሸተተኝ፣ እርጥብ ምንጣፍና የልብስ ሳሙና። ልጄ ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና፣ "ማሚ፣ ራኬት እኮ በእንግሊዝኛ ጫጫታ ማለትም ነው፣ ዩ ኖው? ጅራታቸው ራኬት የሚመስል ወፎችም አሉ" ብላ አስተማረችኝ። ይህ ዕቃ ከጫጫታና ከወፍ ጅራት ጋር ያለውን ዝምድና እሷ ሳትወለድ እንደማውቀው እንዴት ብዬ ልንገራት?

ልጅ ሳለሁ አባዬ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ይሠራ ነበር። ጠዋት ይገባል፣ ቤዝመንት ወርዶ ይተኛል፣ ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሚተነፍሰው በእማዬ ፈቃድ ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፅ አያወጣም፣ ማንኪያ ከሳህን ጋር አይጋጭም፣ ታናሽ ወንድሜ ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ጡጦ ይገባበታል። ለእማዬ ያልተገዙት ማግፓዮቹ ብቻ ነበሩ፤ እነዚያ ጅራታቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም ጥቁርና ነጭ ወፎች፣ ልክ አባዬ ጋደም ሲል ከመስኮቱ በላይ አጥሩ ላይ ተሰብስበው እንደ ተጣላ ጎረቤት ይንጫጫሉ። እነሱን ማባረር የእኔ ሥራ ሆነ። ራኬቱን አባዬ ከጋራዥ ሴል፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት፣ ገዝቶ ያመጣው የቀን ሺፍት ሲያገኝ አብረን ልንጫወትበት ነበር፤ እስከዚያው ግን ፒጃማዬ ላይ ጃኬት ደርቤ፣ ትንፍሽ ሳልል አየሩን እየቀዘፍኩ ጅራት ሳሳድድ አረፍዳለሁ። ጮኼ እንዳላባርራቸው የራሴ ጩኸት ይቀሰቅሰዋል።

አንድ ቅዳሜ አባዬ ገና እንደተኛ በራችን ሳይንኳኳ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጎረቤታችን ጋሼ ተወልደ፣ አስመራ ተወልደው አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ሽማግሌ፣ ከፊት ሆነው የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ተከትለዋቸው ገቡ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ጎንደር ያሉት አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ ሞተዋል፤ ሰዎቹ የመጡት መርዶውን ሊነግሩት ነው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ የእኛ ሰውዬ ደግሞ የሚተኛው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ።

"ሌሊቱን ሙሉ ሲሸከም አድሮ እንዴት እንነግረዋለን? ሺፍቱን ጨርሶ ነው የገባው፣ ይተኛ። እህል ሲቀምስ እንነግረዋለን" አሉ ጋሼ ተወልደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ "አንቺ ልጅ፣ ወፎቹን አደራ" አሉኝ።

እንደዚያን ቀን ተግቼ አላውቅም። ውስጥ ሳሎን ሙሉ ሰው በካልሲ ተቀምጦ እንባውን ያለ ድምፅ ይጠርጋል፤ እኔ ውጭ ቆሜ፣ አባዬ እስካልነቃ ድረስ አያቴ በሕይወት እንዳሉ ነው የማምነው። አንዲት ማግፓይ አፏን በከፈተች ቁጥር ወደ እሷ እሮጣለሁ። ክንዴ እስኪዝል ራኬቱን አወዛወዝኩ፣ እያለቀስኩም ጭምር።

አባዬ የነቃው ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ስንጠነቀቅ አንድ ነገር ረስተን ነበር፤ እንግዶቹ በዚህ በሰው አገር ልማድ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀዋል፣ የቤዝመንቱ ደረጃ የሚያበቃውም እዚያው በሩ ጋ ነው። አባዬ ያን ሁሉ ጫማ ቆሞ አየ። እጁ የደረጃውን ድጋፍ ጨበጠ። ከዚያ ወደ ኩሽና ገብቶ፣ እማዬ ያቀረበችለትን ፍርፍር ምንም እንዳላየ ሰው ሙልጭ አድርጎ በላ። ስለ እኛ ብሎ ነው የበላው። እጁን ታጥቦ ሳሎን ገባና፣ "እሺ ጋሼ፣ በልቻለሁ፤ አሁን ይንገሩኝ" አላቸው። ያን ጊዜ የተነሣው ለቅሶ ቤታችን ሰምቶ የማያውቀው ዓይነት ነበር፤ ማግፓዮቹ እንኳ አጥሩን ለቀው ሄዱ።

የቀን ሺፍቱ የተገኘው እኔ አድጌ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ባድሚንተን አልተጫወትንም። እማዬን ቀበርን፣ ጋሼ ተወልደም አረፉ። አባዬ ራሱ ዘመድ ሊጠይቅ ጎንደር እንደሄደ ድንገት ሞተ። እኔ ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ዕቃ ስገዛ አንድ ዘመድ ፎቶውን ከሻማ ጋር ለጥፎ ስልኬ ላይ አየሁት። እንደቆምኩ ያሰብኩት ወንድሜን ነው፣ እንደ እኔ ከስልክ ላይ እንዳያየው፤ እሱም ዛሬ እዚያው ፉትሂልስ መጋዘን ይሠራል። አብረውኝ ሄደው መርዶውን እንዲነግሩት የማውቃቸው ሰዎች ጋ ሁሉ ደወልኩ፤ ሁሉም ከልባቸው አዘኑ፣ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፣ "ከሺፍት ስወጣ ኮል አደርግልሻለሁ" አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ሳሎን ሙሉ ሰው ቀኑን ትቶ የአንድ ሰው እንቅልፍ የሚጠብቅበት ዘመን ነው ያለፈው፤ አባዬን ካጣሁት እኩል ያን ሳሎን አጥቼዋለሁ። የሚበላ ነገር ገዝቼ ብቻዬን ነዳሁ፤ አብልቼው፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ በሰው ወግ ልነግረው።

ስደርስ ወንድሜ የሥራ ሰደርያውን፣ የሚያንጸባርቀውን ሴፍቲ ቬስት፣ እንደለበሰ መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። ስልኩ በእጁ ነበር፤ የአባዬ ፎቶና ሻማው በርተውበታል።