አቧራው የተነሣው ከቡጢው በኋላ ነው

ወንድሜ ሰይድ ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ አርፈዋል። አንድ ሳምንት በወባ ታመው ነበር። ዓርብ ከሶላት በኋላ አቦቦ፣ ከአባታችን መቃብር አጠገብ ቀበርናቸው። ያልሰማችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙ። ከጋምቤላ ከተማ፣ ከኒውላንድ ድረስ በሚኒባስና በጭነት መኪና ተጭናችሁ ለቀብር የመጣችሁትን ሁሉ አላህ ይስጥልን።

ቤት ውስጥ «አያ» እያልኩ አንተ ነበር የምላቸው። እዚህ ግን አንቱ ብዬ እጽፋለሁ። በሕይወት ሳሉ የነሣኋቸው ክብር አለ። ምን እንደሆነ እናገራለሁ፤ እስክደርስበት ታገሡኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ወላጆቻችን በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ ላይ በቆሎና ማሽላ ሲያርሱ ኖሩ። አያ ሰይድ ግን ወደ ከተማ ገብተው ኒውላንድ፣ ትልቁ ማንጎ ሥር፣ ያቺን የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በእሷ ነው። የሚያሳዩት የስለላ ፊልም ነበር። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው እንግሊዝኛውን በአማርኛ ይነግሩናል። አኙዋኩም ኑዌሩም ደገኛውም እኩል ያዳምጣል። ጠብ ሲጀመር ግን ዝም ይላሉ። «ከዚህ በኋላ እኔ አላስፈልግም። እግራቸውን እዩ» ብለው ይቀመጣሉ።

ዝም የማይሉት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። አቶ ኦጁሉ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አያ ሁልጊዜ ከጎናቸው ሆነው ጠቡን በጆሯቸው ያወሩላቸዋል። አንድ ቀን «አሁን በወንበር መታው» አሏቸው።

«ውሸት!» አሉ አቶ ኦጁሉ ጮክ ብለው። «በወንበር የተመታ ሰው እንዲህ ይተነፍሳል? ይሄ ሰውዬ ምሳ በልቶ የተኛ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አያ ግን ፊልሙን ወደ ኋላ መልሰው እንደገና አዳመጡ። ከዚያ ተነሥተው «እውነታቸውን ነው። እኛ ዓይን ያለን ተታለናል» አሉ።

ስለ ጠብ ትዕይንት የማያውቁት አልነበረም። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። «ሁለት ሰላዮች ሲደባደቡ ጎረቤት መስማት የለበትም። ብርጭቆ ሲወድቅ ከመሬት በፊት የሚይዘው እሱ ሰላይ ነው» ይሉ ነበር። ሦስት ጊዜ ሰንዝሮ የማያለከልክ ሰው አይወዱም። ካሜራው ሲንቀጠቀጥ ይናደዳሉ፤ «አንድ ነገር እየደበቁን ነው» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ደጋግመው የሚናገሩት ግን ይህን ነው፤ «ቡጢን እውነት የሚያደርገው ሰንዛሪው አይደለም፤ ተቀባዩ ነው።»

ሁለት ዓመት ይሆናል፤ እኛም እንሥራ አሉ። አጭር የስለላ ፊልም፣ በስልክ። ሰላዩ እኔ ሆንኩ። አያ ጠላቴ ሆኑ። ጠባችን በአንድ ፍላሽ ላይ ነው፤ እሳቸው ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋል፣ እኔ መውሰድ አለብኝ። የሚቀርጸን ቾል የሚባለው ጓደኛዬ፣ ባጃጅ ነጂው ነበር። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ስልኩን የባጃጁ ጣሪያ ላይ አስደግፎ ያዘ።

አያ አንድ ወር ሙሉ አለማመዱኝ። ሥርዓታቸው ይህ ነበር፦ ቡጢውን የሚቀበለው ሰው ሲዘጋጅ መሬቱን በእግሩ ሁለቴ ይረግጣል። ሰንዛሪው ያንን ሳይሰማ አይሰነዝርም። ቡጢውም ከፊቱ አንድ ስንዝር ሲቀረው ይቆማል። «ትእዛዙ የተቀባዩ ነው፣ ኢብሮ። ሁለቴ ሳልረግጥ እጅህ አይነሣ» ይሉኛል። በልምምድ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

የቀረጽን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ብዙ ሰው ተሰበሰበ። የክፍሌ ልጆችም ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ቡጢዎች እንደተማርኩት ሰነዘርኩ። ከሰዉ መሃል አንዱ «ኢብሮ፣ ዝንብ ነው የምታባርረው?» አለ። ሌላው «ተወው፣ ወንድሙን እሹሩሩ እያለው ነው» አለ። ሴቶቹ ሳቁ።

ደሜ ፈላ። የአያን እግር አልጠበቅሁም። አንድ ስንዝር ሲቀረው አላቆምኩም።

ጥርሳቸው ሲሰበር እጄ ላይ ተሰማኝ።

አያ አላቆሙም። ከቡጢው በኋላ እግራቸው ሁለቴ ረገጠ፤ ልማድ ሆኖባቸው ይመስለኛል። ከዚያ በተለማመድነው መሠረት ዞሩ፣ አጠገባቸው ያቆምነውን ጄሪካን ይዘው ወደቁ። ፍላሹን ከኪሳቸው እስካወጣ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ቾል «ጨረስን!» ሲል ተነሥተው ደም ተፉ። ሰዉ ደነገጠ። «ምንም አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቡጢው ውስጥ ቀድሜ ገባሁ» አሉ።

እኔ ውሃ ላመጣ ዞርኩ።

ውሃ ይዤላቸው ስመለስ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፤ «ሳይረገጥለት የሚመታ ከተባልክ ከእንግዲህ ፊትህ የሚቆም ሰው አታገኝም። እኔ ግን አርጅቻለሁ።» ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

ፊልሙ በቪዲዮ ቤቱ ሲታይ ሰው አጨበጨበልኝ። «የኢብሮ ቡጢ!» ተባለ። አያ ግን ተሳቀባቸው፤ ድብድብ የሚያስተምር ሰው ራሱን አልጠበቀም ተብሎ። ፊልም ሲተረጉሙ በተሰበረው ጥርሳቸው በኩል ቃላቸው እያፏጨ ይወጣ ጀመር። በዚያም ተሳቀ። አልዋሽም፣ አንድ ቀን እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ያወቁት አቶ ኦጁሉ ብቻ ናቸው። ፊልሙን አዳምጠው ሲያበቁ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ቡጢ ነው መጀመሪያ የተሰማው። እግር ከኋላ መጣ። አይደለም?»

«አይደለም፣ አባባ» አልኩ።

እጄን ለቀቁ።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጡ። ጋምቤላ ውስጥ የሚቀርጹት የጠብ ትዕይንት ስለነበራቸው የሚያዘጋጅላቸው ሰው ፈለጉ። ቾል ወደ አያ አመጣቸው። አያ ያን ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የቪዲዮ ቤቱን ወለል ሁለት ጊዜ ጠርገው ነበር የጠበቋቸው። ኃላፊያቸው ሲያወራ ቆየና «አንድ ነገር ሰማን። በልምምድ ያልነበረ ቦታ ገብተህ ተመታህ ይባላል። እውነት ነው?» አላቸው።

አያ ወደ እኔ ዞሩ። ጎናቸው ነበርኩ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ጫማዬን አየሁ።

«እውነት ነው። ቀድሜ ገባሁ» አሉ አያ። ሰዎቹ አመስግነው ሄዱ። አያ በሩ ላይ ቆመው መኪናው እስኪርቅ ድረስ አዩ። ከዚያ ነጩን ሸሚዝ አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና ወንበሮቹን ለከሰዓቱ ፊልም መደርደር ጀመሩ። ላግዛቸው ስጠጋ «ተወው፣ እኔ እችላለሁ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ታመው ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ልናገር ሞከርኩ። «አያ፣ ያን ቀን...» ስል አቋረጡኝ። «ፊልሙን አላጠፋኸውም አይደል?» አሉ።

«አላጠፋሁትም።»

«ጥሩ ነው። የቾል እጅ አልተንቀጠቀጠም» አሉና ፈገግ አሉ። በበነጋው አረፉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ከቀብር ስንመለስ ነው። ስልኬን ከፍቼ፣ እሳቸው እንደሚያስተምሩን፣ እግራቸውን አየሁ። በጋ ስለነበር መሬቱ ደርቋል። ቡጢዬ ፊታቸው ላይ ያርፋል። አቧራው ከእግራቸው ሥር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ። በግልጽ ይታያል።

ስለዚህ ያያችሁት ሁሉ፣ የሳቃችሁም፣ ፊልሙ ቾል ጋ አለ፤ ተቀበሉትና እንደገና እዩት። እኔን አትዩ። እግራቸውን እዩ። ወንድሜ ቀድመው አልገቡም። ሳይረገጥለት የመታ እኔ ነኝ፤ የዋሸሁም እኔ ነኝ። አቶ ኦጁሉ ዘንድ ትናንት ሄጄ ነግሬአቸዋለሁ። «አውቃለሁ» አሉ፤ «አንተ እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅሁ።»

አያ፣ አሁን እንደ ቤታችን አንተ ልበልህ። ያቺን ቡጢ እውነት ያደረግሃት አንተ ነህ፤ ወድቀህም ዓይንህን ጨፍነህ ጠበቅኸኝ። ፍላሹን ወስጄ ሄድኩ። አንተን ግን ሳላነሣህ ሄድኩ። ይቅር በለኝ አያ። አላህ ማረፊያህን ያስፋው። ደህና ሁን። ይኸው ፊት ለፊትህ ቆሜአለሁ፤ እጄም ወርዷል። ከእንግዲህ እንደማትረግጥ አውቃለሁ። እኔ ግን እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምህ ኢብራሂም