በመቀነት የተደበቀ ሥር

እናቴ በልጅነቷ ለአንድ ሰው ዋሽታ ነበር። ሰውየው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤታቸው ግን ቆሰበር ከተማ ዳር እንደነበረ አለ፤ ሰው እየገባ ያየዋል። አምና ግንቦት ሲያልቅ ወደዚያ ቤት የሄድኩት እናቴን ወክዬ ይቅርታ ልጠይቅ ነው።

ሰውየው ዕድሜያቸውን በሙሉ ዕፅዋትን ሲያጠኑ የኖሩ፣ ስማቸው ከአገር ውጭም የታወቀ ሊቅ ነበሩ። በእኛ በኩል፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ የሚታወሱት ግን ፈረስ ላይ ሆነው ቅጠል ሲለቅሙና ጋዜጣ መሃል ሲያስተኙ ነው። አንድ ቀን እናቴ ቤት ደጃፍ ላይ ወረዱ። እናቴ ያኔ የዐሥር ወይም የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ለልጆች የሆድ ቁርጠት የምትሆን አንዲት ቅጠል እዚህ ቤት እንደምትታወቅ ሰምተው ነው የመጡት። በእናቴ ቤት ይህች ቅጠል ከእናት ወደ ልጅ የምትወርድ ናት። ስሟ ለሰው አይነገርም፤ ሥሯም ለሰው አይሰጥም። ስለዚህ እኔም ስሟን እዚህ አልጽፈውም።

አያቴ እንግዳ መመለስ ነውር ሆነባትና ልጇን በአገራችን ቋንቋ፣ በአውኚ፣ እንዲህ አለቻት፦ «ወስደሽ አሳያቸው። ሥሯን ግን ይዘሽ ተመለሺ።»

ሰውየው አውኚ አይሰሙም። መንገድ ላይ ለእናቴ በአማርኛ ደጋግመው ነገሯት፦ «ከነሥሯ ነው የምፈልጋት እሺ? ሥር ከሌላት ግማሽ ናት።» እናቴም እሺ አለች። ቦታው ሲደርሱ ፈረሱን አስይዛቸው ብቻዋን ቁልቁል ወረደች። ቅጠሏን ነቀለች፤ ሥሯን በማጭድ ቆረጠች፤ መቀነቷ ውስጥ ጠቅልላ ደበቀች። ወጥታ ቅጠሉን ሰጠቻቸው።

«ሥሯስ?» አሏት።

«ተሰብሮ መሬት ውስጥ ቀረ።»

«እውነት?»

«ማርያምን!»

እናቴን ዕድሜዋን ሙሉ የቆጠቆጣት ይህች አንድ ቃል ናት። ሰውየው ሲሄዱ «አበባዋን ለማየት እመለሳለሁ» ብለዋት ነበር፤ አልተመለሱም። እናቴም አውቀውብኝ ተቀይመው ነው የቀሩት ብላ ደመደመች። አምና እግሯ አብጦ ከቤት መውጣት ሲያቅታት ለነፍስ አባቷ ተናዘዘች። እሳቸውም «የዋሸሻቸውን ሰው ይቅርታ ጠይቂ» አሏት። ሞተዋል ስትላቸው፣ «ቤታቸው አለ አይደል? ከደጃቸው ቆሞ የሚጠይቅልሽ ሰው ላኪ» አሉ።

የምትልከው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኔ ደግሞ ሰው ፊት መናገር አልችልም። በሥራ ቦታዬም፣ አዲስ ቅዳም ችግኝ ጣቢያ፣ ላስቲክ ውስጥ አፈር ስሞላ ስለምውል ከሰው ጋር ብዙ አልነጋገርም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያቆምኩት። አስተማሪ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ አንገቴን ደፍቼ የምቆም ልጅ ነበርኩ። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ቃሉን አሳጥራ አስጠናችኝ፦ «እናቴ ይቅር በሉኝ ትላለች። ይኸው ነው። ከዚህ ምን ያስቸግራል?»

«ለማን ነው የምለው? ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።»

«ሰው ከሌለማ ምን አሳፈረሽ?»

ቆሰበር ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ይዤ ደረስኩ። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ኖራ የተቀባ ተራ ቤት ነው። የበሩን ፊት አለፍኩት። ተመለስኩና እንደገና አለፍኩት። በሦስተኛው አንዲት ነጠላ የለበሱ፣ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ሦስቴ አለፍሽኝ። ጥበቃ ተቀጠርሽልኝ እንዴ?»

የሟች የእህት ልጅ ናቸው፤ ቤቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። እየሳቁ እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። አልጋው፣ ባርኔጣው፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ መነጽር፣ ቅጠል የሚጫኑባቸው ሁለት ሳንቃዎች ከነጠፍራቸው፤ ሁሉም በቦታው አለ። መደርደሪያ ላይ አፏ የተላላጠ የቆርቆሮ ኩባያ ተቀምጣለች። አንደኛው ተማሪ አነሳት።

«በዚህች ነበር ሻይ የሚጠጡት?»

«አስቀምጥ!» አሉ ሴትዮዋ። «እሷን እኔም አልነካት። አቧራዋን የማራግፍላት በላባ ነው።»

«እማማ፣ ፎቶ ብቻ ላንሳ።»

«ለማየት ዓይንህ ይበቃል፤ እጅህን ኪስህ ክተት።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። ትንሽ ቆይተው ወጡ፤ እኔ ቀረሁ። ይህን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ከባርኔጣው ፊት ቆምኩ። ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆመው ይጠብቃሉ። ቃሉን በልቤ አልኩት፤ አፌን ስከፍት ግን የወጣው «መስኮቱ ያምራል» የሚል ነበር።

«ያምራል» አሉ። «ከየት ነሽ?»

«ከአዲስ ቅዳም።»

«ሥራሽስ?»

«ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራ።»

«ምን ታፈላላችሁ?»

«ብዙውን ዲከረንስ።»

«አይ ዲከረንስ! አገሩን ሁሉ ለከሰል ብላችሁ በዚህ ዛፍ ሞላችሁት።» እንደ ቁጣ አሉት እንጂ ፊታቸው በርቶ ነበር። «እንግዲያው አንቺ የሙያው ሰው ነሽ። ነይ። ለተማሪዎቹ የማልከፍተውን ላሳይሽ።»

ጓዳ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የእንጨት ሳጥን አለ፤ መሳቢያው ብዙ ነው። አንድ በአንድ ሳቡልኝ። በየወፍራሙ ወረቀት ላይ አንድ አንድ የደረቀ ተክል ተለጥፏል። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ከሥር ደግሞ ሥሩ ታጥቦ እንደተበጠረ ፀጉር ተዘርግቷል። እኔ በቀን ስንቱን ችግኝ ሥሩን ስነካ እውላለሁ፤ እንዲህ የተከበረ ሥር ግን አይቼ አላውቅም። ሴትዮዋ መሳቢያ ሲስቡ እኔ በሁለት እጄ ወረቀቱን አነሳለሁ፤ አይቼ እመልሳለሁ። አንድም ቃል ሳልናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ እሷ መጣች።

በቅጠሏ ለየኋት። ከጓሯችን ያለችው ናት፤ ጠርዟ እንደ መጋዝ፣ ጀርባዋ ነጣ ያለ። ደርቃም፣ ቡናማ ሆናም እሷው ናት። ከሥር ባዶ ወረቀት ብቻ። ግንዷ መጨረሻው ላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። የተሰበረ ግንድ ይሰነጠቃል፣ ጭረት ይተዋል፤ ይህ ግን የማጭድ ነው። እኔ ዛሬ ያየሁትን እሳቸው ያን ዕለት ሳያዩት አይቀሩም። ፊቴ ጋለ፤ እናቴ ራሷ እዚያ ቆማ የተያዘች ያህል።

ከታች ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ።

«ምን ይላል?» አሉ ሴትዮዋ። «ዓይኔ ለእርሳስ አልታዘዝ ካለ ቆይቷል። አንብቢልኝ።»

ጮክ ብዬ ማንበብ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምፈራው ነገር ነው። ጣቴን ሳላስነካ ከላይ ከላይ እያስኬድኩ ቀስ ብዬ አነበብኩ፦

«ሥር የላትም። ያመጣችልኝ ልጅ ተሰብሮ ቀረ ብላ ምላልኛለች። መቀነቷ ላይ እርጥብ አፈር አይቻለሁ። አልጠየቅኋትም። ሥሩ የቤታቸው ነው። የቅጠሏንም ስም ስላልነገሩኝ ባዶ ትቼዋለሁ። ለአበባዋ እመለሳለሁ።»

የስሙ ቦታ እውነትም ባዶ ነበር።

ሁለተኛ አንብቢልኝ አሉ፤ አነበብኩ። ስጨርስ «ልጅቷ እናቴ ናት» አልኩ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

ሴትዮዋ መሳቢያውን እንደ ያዙ ቀሩ።

«በሕይወት አለች?»

«አለች። እግሯን ያማታል።»

«እሰይ፣ እሰይ።» በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ለምን አልተመለሱም?» አልኳቸው። «ተቀይመው ነው?»

«የምን ቂም! በዚያው ዓመት ጉልበታቸው እንቢ አለ። ፈረሱንም ሰው ወሰደው። ከዚያ በኋላ እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጠው ያልደረሱበትን አገር ሲቆጥሩ ነው የኖሩት።»

የእኔ ስልክ ፎቶ አያነሳም። ሴትዮዋ ከጎብኚዎች መዝገብ መጨረሻ አንድ ገጽ ቀደው ሰጡኝና ጽሑፉን ገለበጥኩ። ሸኝተውኝ ሚኒባስ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። የተላክሁበትን ቃል አልተናገርኩም።

እቤት ስደርስ እናቴ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትጠብቀኛለች። ገና ሳልቀመጥ «አልሽልኝ?» አለች። መልሱን ትቼ ወረቀቱን አነበብኩላት። «እርጥብ አፈር አይቻለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አይተው ነበር?»

«አይተዋል።»

«አይተው ዝም አሉኝ?» ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠጋት እየሳቀች ነው። «እኔ ደግሞ ሆዴን ይዤ ነበር እኮ የተራመድኩ፣ እንዳይወድቅብኝ! ‹አሞሻል ወይ› አሉኝ። አዎ ቁርጠት ነው አልኳቸው። የቁርጠቱን መድኃኒት ደብቄ!» ስቃ ስቃ ስታበቃ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ አንድ ጊዜ አየችኝ። «ይቅርታውንስ?»

«አልቻልኩም።»

አልተቆጣችም። ያ ባሰብኝ። ወደ ጓሮው በር አየች። ያን ዕለት በመቀነቷ ያመጣችውን ሥር አያቴ እዚያ ተክላው ነበር፤ እስከ ዛሬ ከዓመት ዓመት የምታቆጠቁጠው ከዚያው ሥር ነው። እናቴ ሰውየውን የወሰደችበት ቁልቁለት ዛሬ ዲከረንስ ሞልቶት ሌላ ቅጠል አይበቅልበትም።

«ሰኔ ሲገባ ትነቀላለች አይደል?» አለችኝ።

«ዝናቡ ከያዘ ትነቀላለች።»

«እንግዲያው ከነሥሯ ትወስጃለሽ። የጠየቁት እሱን ነው። ስሟን ግን ለማንም አትናገሪም።»

«ሥሯ ለሰው አይሰጥም ስትይ አልነበር?»

«እናቴ በነበረችበት ጊዜ የእሷ ነበረች፤ አሁን የእኔ ናት። ስለ እሷ የሚመጣብኝን እኔ እመልሳለሁ።»

ይህች ቅጠል የምትነቀለው ረቡዕ ወይም ዓርብ ነው፤ እህል ሳይቀመስ፣ ፀሐይ ሳይወጣ። የነቀላት ሰው ሥሯ ቦታዋ እስክትገባ ድረስ ከሰው ጋር ቃል አይለዋወጥም፤ ከተናገረ መድኃኒትነቷ ይሄዳል ይባላል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ፈገግ አለች። «ለዚህስ ካንቺ የተሻለ ሰው የለም።»

በሰኔ ዓርብ ቀን ነቀልኳት። ከነአፈሯ ላስቲክ ውስጥ አድርጌ መቀነቴ ላይ አሰርኳት። ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ «ወዴት ነሽ?» አለኝ፤ በእጄ ወደ ፊት አሳየሁት። «ቆሰበር?» ራሴን ነቀነቅሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት አሻግራ ለሌላዋ «ድዳ ናት፤ አየሽ ቁመናዋን፣ ምስኪን» አለቻት። ሌላዋም «ትሰማለች ግን» አለች። «ብትሰማ ምን ያደርጋል፣ መልስ የላት!» እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ከንፈሬን ነከስኩ። በሕይወቴ ዝም በማለቴ ሳላፍር የተጓዝኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ከበር ላይ አወቁኝ። «መጣሽ? እናትሽ እንዴት ናት? እግሯስ? ዝናቡ እንዴት ያዛችሁ?» አንዱንም አልመለስኩ። ግራ ገብቷቸው ሊቆጡ ሲሉ መቀነቴን ፈታሁና አሳየኋቸው። ጥያቄያቸውን ተዉ። አገራቸው ነውና ነገሩን ያውቁታል። መስኮቱ ሥር ወዳለው መሬት ራሳቸው መሩኝ፤ ዶማ አመጡልኝ።

ጉድጓዱን ቆፈርኩ። ላስቲኩን ቀደድኩ። ሥሯን እንዳይታጠፍ በጣቴ አስተካክዬ አስገባሁ፤ አፈሩን መለስኩ፤ በመዳፌ ጠበቅ አደረግሁ። እጄ ጭቃ እንደሆነ ቀና አልኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ባርኔጣው ከውስጥ ይታያል።

«እናቴ ይቅር በሉኝ ትላለች» አልኩ።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጎልቶ ወጣ። ሴትዮዋ በሟች ፈንታ «ይቅር ለእግዜር» አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ያቺን አፏ የተላላጠ ኩባያ ውሃ ሞልተው ይዘዋል። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ ሥሯ ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩላት።