የጾመው መድኃኒት

ልጄን ሳንባ ነቀርሳ እንደያዛት በተነገረኝ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ነርሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝና በሽታው ገና እንዳልከፋባት፣ እንደ ድሮው ስድስት ወር ሳይሆን አራት ወር ብቻ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ብትወስድ እንደምትድን ነገረችኝ። እንባዬን ጠርጌ እየሳቅኩ ቤቴ ገባሁ።

አባቴ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ቄስ ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው ይኸው በሽታ ይዟቸው መድኃኒት ሲውጡ ከርመው ነው የዳኑት። አራት ወር መባሉን ሲሰሙ በዋግ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉተመተሙና ዳዊታቸውን ይዘው ወጡ። የእሳቸው ማጉተምተም ደግሞ ደግ አይደለም።

አስተማሪ ስለሆንኩ ጠዋት እወጣለሁ። መድኃኒቱን በውሃ በጥብጠው የሚሰጧት እሳቸው ነበሩ። የፍራፍሬ ቃና ስላለው ልጄ ብርጭቆውን ሳይቀር ትልሰዋለች። አንድ ረቡዕ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ዋልኩና መድኃኒቷን ጠጥታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። አባባ መድኃኒቱ ይጾማል ብለዋል» አለችኝ።

አባቴ አልካዱም። ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ክኒን አወጡ። መንግሥት ሁለቱን ወር የቀነሰው መድኃኒት አጥሮት ነው ብለው፣ ረቡዕና ዓርብ እያስቀሩ ለስድስት ወር ሊያደርሱት ኖሯል። የዋግ ሰው እህሉን ቆጥቦ ከመኸር ማድረስን ማንም አያስተምረውም። እኔ ግን ልጄን ላጣት ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮህኩባቸው። ወዲያው ሁለቱንም ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ነርሷ የሰቆጣ ልጅ ናት፤ ቄስ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለች። አስቀድማ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አባ፣ መድኃኒቱ ሲጾም በሽታው ይበላል» አለቻቸው።

ከዚያም በሽታው ያልከፋባቸው ልጆች በአራት ወር እንደሚድኑ፣ መድኃኒት አጥሮም እንዳልሆነ አስረዳቻቸው። የተዘለለው መጨረሻ ላይ እንደሚሞላም ነገረችን። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ አልጾመም። ሳሉ ተዋት፣ ጉንጯ ሞላ፣ ጎረቤት እስኪማረር ድረስ በጨዋታ መጮህ ጀመረች። የመጨረሻው ክኒን ዓርብ ላይ ዋለ። አባቴ ራሳቸው በጥብጠው አቀረቡላትና የዛሬው ጿሚ እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ነገሯት። ብርጭቆውን ልሳ ስትጨርስ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ነገስ?»

«ነገማ የለም» አሉ አባቴ ጉንጯን እየዳበሱ። «ይበቃሻል።»