ዶሮ የማይበላው ቆጠራ

ዛሬ ጠዋት የእትዬ አንጓች ልጅ ከወረታ ደውሎ «እናታችን አረፈች» ሲለኝ «የትኛዋ እናታችሁ?» አልኩት። ስንት እናት ኖሮት! ግን እትዬ አንጓችና ሞት አብረው አልሄዱልኝም። ባለፈው ፋሲካ እኮ ስልክ አንስተው «ዘንድሮ ግንደ ቆርቁር ወፉ ተመልሷል» ብለውኛል።

አሁንም አላመንኩም። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ግን ልጻፍላቸው።

ለማታውቋቸው፦ እትዬ አንጓች ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስመደብ ያረፍኩት እሳቸው ቤት ነው። ጓሯቸው ውስጥ ጌሾ ነበር፣ ሎሚ ነበር፣ ከሁሉም በላይ አባታቸው የተከሉት ትልቅ ሾላ ነበር። ከአባታቸው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው።

ያን ዓመት አንድ የግብርና ባለሙያ መጣ። ግሪሳ የምትባለው እህል አጥፊ ወፍ መቼ፣ ከየት እንደምትመጣ ለማወቅ በየጓሯቸው ወፍ የሚቆጥሩ ፈቃደኞች እፈልጋለሁ አለ። በዚያ ዘመን «በፈቃደኝነት» ማለት «እምቢ ብትል ወዮልህ» ማለት ስለነበር የተሰበሰበው ሁሉ እጁን አወጣ። ወር ሳይሞላ ሌላው ሁሉ ተወው፤ መቁጠሩን የቀጠሉት እትዬ አንጓች ብቻ ናቸው።

ቆጠራው እሁድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሰዓት የለንም። የሾላው ጥላ ከደጃፉ ድንጋይ ተነስቶ ጌሾው ሥር እስኪደርስ ይቆጥራሉ፤ ሲደርስ ያቆማሉ። ለእርግብ ሽምብራ፣ ለቁራ ባቄላ፣ ለድንቢጥ ጓያ እያነሱ ሰፌድ ላይ ያኖራሉ፤ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ድንቢጦች ከሾላው ብር ሲሉ ደንግጬ «ግሪሳ! መቶ! ሁለት መቶ!» ብዬ ጮኽኩ። እትዬ አንጓች እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

«አንች ልጅ፣ ያየሽውን ቁጠሪ፤ የፈራሽውን አትቁጠሪ!»

ይቺ ቃላቸው እስከ ዛሬ ስንት ጉድ እንዳሳለፈችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላ እሁድ ደግሞ ጥጃ ሊመልሱ ሲሮጡ ሰፌዱን መሬት ላይ ተዉት። ዶሮዋ ደርሳ ቆጠራውን ለቀም ለቀም አደረገችው። «ግድ የለም፣ በግምት እንሙላው» አልኩ። ተቆጡ።

«ያላወቅሁትን? ጣፊ! ‹ዶሮ በላው› ብለሽ ጣፊ!»

ጻፍኩ። እስከዚያ ቀን እኔ ፊደል ሳስተምር ከኋላ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። በማግስቱ ግን ፊት መጥተው ቁጭ አሉ። «እኔ እንግዲህ ዶሮ የማይበላው ቆጠራ ነው የምፈልግ» አሉኝ። ወራት አልፈጀባቸውም፤ ደብተሩን ከእጄ ተቀበሉኝና ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ።

ሩዝ ያኔ በፎገራ ገና እንግዳ ነበር። ሊደርስ ሲል ግሪሳ ወረደበት፣ ብዙው ማሳ ገለባ ሆነ። ሰው ጨነቀው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ግሪሳ የምታድረው የአንጓች ሾላ ላይ ነው፤ ይቆረጥ» አለና ስብሰባ ጠራ። የት? ሾላው ሥር! ሌላ ጥላ የለማ። ሊያስቆርጡት የመጡት ሁሉ ጥላው ውስጥ ቦታ ይሻሙ ነበር።

እትዬ አንጓች ደብተራቸውን ይዘው ተነሱ። «አንጓች ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታነብ?» አለ አንዱ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ ጀመሩ።

«የጥቅምት መጀመሪያዋ እሁድ። እርግብ ዘጠኝ። ቁራ አራት። ግሪሳ የለም።»

ቀጣዩም እሁድ ግሪሳ የለም። የሚቀጥለውም። ጥቂት እንደሄዱ ሕዝቡ እየቀደማቸው «የለም!» ማለት ጀመረ። «ዶሮ በላው» ላይ ሲደርሱ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሳቀ።

የመጨረሻውን ገጽ ግን አውቀዋለሁ። ነጠላቸውን ጎተትኩና «ይህን ይለፉት» አልኳቸው በሹክሹክታ። አላለፉትም።

«ግሪሳ። ብዙ። መቁጠር አልቻልሁም። ሾላው ላይ አረፈች። ወዲያው ተነስታ ሐይቁ ዳር ወዳለው ደንገል ሄደች።»

 «ይኸው! በገዛ አፏ!» አለ ሊቀመንበሩ። አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከፊት የነበሩት የደብራችን አዛውንት ቄስ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «በራሷ ላይ እውነት የተናገረች ለሾላው ብላ ትዋሻለች? ወደ ደንገሉ ሄደች እኮ ነው የምትል። ሂዱና ደንገሉን እዩዋ!»

ጀንበር ሳትጠልቅ ሰው ወደ ሐይቁ ዳር ሄደ። ደንገሉ በግሪሳ ጎብጦ አገኙት! ወንጭፉም፣ ቆርቆሮውም፣ ጥበቃውም ሁሉ ወደዚያ ዞረና የተረፈው ሩዝ ጎተራ ገባ። ከሾላው አንዲት ቅርንጫፍ አልተነካችም። በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሲፈለግ፣ ያው ሊቀመንበር አቀርቅሮ «አንጓች ትጣፍ» አለ። የዚያን ቀን እልልታ ያልሰማ ምን ሰማ! እኔ ራሴ ድምፄ እስኪዘጋ እልል ብያለሁ።

ደርግ ሄደ፣ እኔም ሄድኩ፣ ባለሙያውም ከዚያ ወዲያ አልታየም። እትዬ አንጓች ግን ማንም ሳይጠይቃቸው በየእሁዱ ቆጠሩ። ሾላውም ይኸው ቆሟል፤ ዛሬ ለቀስተኛው የተቀመጠው እሱ ሥር ነው።

እትዬ፣ ልጅዎ የመጨረሻውን ገጽ በስልክ አነበበልኝ። «ደከመኝ። አልቆጠርሁም» ብለው ጽፈዋል። ያን ቀን እንኳ በግምት አልሞሉትም! ኮራሁብዎት፤ እያለቀስኩም ኮራሁብዎት።

ለእሁድ እደርሳለሁ። ዶሮዋን አባርሬ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ ያየሁትን ብቻ እቆጥራለሁ። እርስዎ አሁን ይረፉ፣ እትዬ አንጓች። ጥላው ጌሾው ሥር ደርሷል።