ማማ ጠባቂዎቹና እኛ

ባሌን ልፈታው የወሰንኩት ልብስ እያጠፍኩ ነው። ጠብ የለ፣ ስድብ የለ፣ ሌላ ሴት የለች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ማታ ማታ አውሮፕላን ፋብሪካ፣ እኔ ቀን ቀን አቅመ ደካማ አዛውንቶችን ስንከባከብ። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ፣ ሲያትል አጠገብ ሬንተን ያለው አፓርታማችን ደረጃ ላይ እንተላለፋለን። የአንዷን መኪናችንን ቁልፍ እጄ ላይ ጣል ያደርግና "ደህና ዋይ" ይለኛል፣ አበቃ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ? እኛ የምንቀዳው በየፈረቃው ነበር። ያን ቀን ካልሲውን እያጠፍኩ የሰውዬውን ፊት ላስበው ብል ቶሎ አልመጣልኝም። ደነገጥኩ። ከዚያ ደከመኝ። በቃ አልኩ።

"በቃ" ለማለት ግን ሁለታችንም ነቅተን አንድ ቦታ መገኘት ነበረብን። ይህን ያመጣችልን ምንም የማታውቀው ልጃችን ናት። ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ታዝንልናለች። አንድ ቀን ኮል አድርጋ፣ "ማሚ፣ ቡክ አድርጌላችኋለሁ። ሁለት ቀን፣ ውቅያኖስ ዳር። ጀስት ጎ!" አለችኝ። እኔም በልቤ፣ እሺ፣ እዚያ እነግረዋለሁ አልኩ።

ከሲያትል ወደ ውቅያኖሱ ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። እሱ ከሥራ ገብቶ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ነው የተነሳነው። እኔ ነዳሁ፣ እሱ ገና ፍሪዌይ ሳንገባ አፉን ከፍቶ ተኛ። ዝናቡ አያባራም። "ተኛ፣ ተኛ! እንቅልፍህን ስትጨርስ ትሰማኛለህ" እያልኩ ብቻዬን አጉረመረምኩ።

ከተማዋ አንዲት መንገድ ናት። ድሮ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ነበራት አሉ። ከእሱ የቀረው ውኃ ውስጥ የቆሙ የበሰበሱ ግንዶችና ላያቸው ላይ የተኮለኮሉ ወፎች ናቸው። ከረሜላ መሸጫ አለ፣ ሁለት ዓሣ ቤት አለ። የታወቀውን ሾርባቸውን ቀመስን። ኤዲያ! ባሕር ዳር ተቀምጠው ጨው የሌለው ሾርባ!

ያረፍንበት የእንጨት ቤት ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሜሪካዊት ሴትዮ ናቸው። ክፍሉን ከፈቱልን፣ አንድ አልጋ። ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን አየነው።

"በየት በኩል ነው የምትተኛው?" አልኩት። አስቡት፣ የገዛ ባሌን!

"እኔ እንጃ" አለኝ። "ስገባ አንቺ የለሽም፣ መሐል ላይ ነው የምተኛው።"

ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ።

ከሰዓት በኋላ እኚያው ሴትዮ የከተማዋ ሙዚየም አስጎብኚ ሆነው ጠበቁን። ትንሽ ከተማ ያው ነው፣ አንድ ሰው ሁሉንም ይሆናል። ሙዚየሙ ለመርከቦች መብራት የሚያሳየው ማማ ሥር ያለ የድሮ ጠባቂዎች ቤት ነው። ጠባቂዎቹ ባልና ሚስት ነበሩ አሉን። መብራቱ እንዳይጠፋ እሱ እስከ እኩለ ሌሊት፣ እሷ ከዚያ እስከ ንጋት ይነቃሉ። ቀን ደግሞ መስታወቱን መወልወል፣ ዘይት መሸከም አለ። ሲረካከቡ የሚጽፉበት መዝገብ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተገልጦ ተቀምጧል። ነፋስ፣ ጭጋግ፣ ዘይት፣ ደግሞ ነፋስ። ለዚህ ነው እንዴ ሦስት ሰዓት የነዳሁት፣ የራሴን ኑሮ ሙዚየም ውስጥ ለማየት? አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ባሌ ግን መዝገቡ ላይ እንዳጎነበሰ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "መቼ ነበር የሚያወሩት?" ብሎ ጠየቃቸው።

ሴትዮዋ፣ "እሱ አልተጻፈም" አሉ።

ወጥተን አሸዋው ላይ ሄድን። እዚያ ነገርኩት። የተለማመድኩት ረጅም ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን፣ "ደክሞኛል። እንዲህ ከምንኖር እንለያይ" የሚል ብቻ ሆነ።

"በድዬሻለሁ?" አለኝ።

"አልበደልከኝም። የለህም እንጂ።"

"ኦኬ" አለ።

ኦኬ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጊዜ ገብቼ ተኛሁ። ጧት ስነቃ እሱ ካፖርቱን እንደለበሰ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሌሊት መንቃት የለመደ ሰውነት ምን ያድርግ።

ስንመለስ የነዳው እሱ ነው። ያን ማታ ሥራ ገቢ ስለነበር፣ ትንሽ እንዲተኛ ግማሽ መንገድ ላይ ልቀበልህ አልኩት። ነዳጅ ማደያ ገብቶ ፓርክ አደረገ። እኔ ወርጄ በእሱ በር በኩል ቆምኩ፣ እሱ ግን አልወረደም። ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር የሆነ ነገር ሳበና ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋው። ያ ረጅም ሰውዬ ጉልበቱ መሪው ሥር ተጣጥፎ፣ እጁን ሰዶ ስፖኪዮውን ለእኔ ቁመት ዝቅ አደረገው።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ላንቺ ነዋ።"

"ሁልጊዜ?"

"ታዲያ ማን ያስተካክለው?"

ወይ ጉድ! ዐሥራ አንድ ዓመት ጧት ጧት ስገባ እግሬ ፍሬኑ ላይ፣ ዓይኔ ስፖኪዮው ላይ ልክክ ይላል። የምንከባከባቸው ሰውዬ ልጅ የሚነዳት መኪና የነጂውን የወንበር ልክ በራሷ ታስታውሳለች። የእኛም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ይህንኑ ነገርኩት።

"ይህቺ አሮጊት? በሯ እንኳ ካልደበደቧት አይዘጋም!" ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት መቼ እንደነበር አላስታወስኩም።

ቀሪውን መንገድ እኔ ነዳሁ፣ እሱ ተኛ። የትናንቱን ነገር አላነሳንም። ሐሳቤን ልተወው አልተወው ራሴም አላወቅሁም። ድካሙ እንዳለ ነው። ቤት ስንደርስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ደረጃው ሄደ። እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ማታ ወደ ሥራ ሲነዳ እንዲመቸው ወንበሩን ወደ ኋላ ልግፋለት ብዬ ጎንበስ አልኩ። በግራ ዳበስኩ፣ በቀኝ ዳበስኩ፣ ከሥር ዳበስኩ፣ ማንሻውን አጣሁት። ለካ አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም።

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ "ና እስቲ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ" ብዬ ጠራሁት።