የአስራ አራተኛው መስመር ስርጉድ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «እመት ቁልቁለት» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የመሥሪያ ቤቱ ቀያሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ቁልቁለት ስትስል፣ ስታጠፋ፣ መልሳ ስትስል እያየ፣ «ሰው ሁሉ ሽቅብ ልውጣ ሲል አንቺ ብቻ ቁልቁል» አላት፤ በዚያው ቀረ። እሷም አልከፋትም። አርባን ተሻግራለች፤ አላገባችም፤ ጡረታ ከወጡ አባቷ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ማዕድን አውጪዎች ቆፍረው ሲጨርሱ የማይፈልጉትን አፈርና ድንጋይ ከምረው ይተዉታል። ክምሩ ጠርዛማ ስለሆነ ዝናብ ይሸረሽረዋል፤ ሣርም አይይዘውም። እሷ በሶፍትዌሯ ያንን ክምር እንደ ዳቦ ትቆራርጠዋለች፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎኑ ሲታይ ከጫፍ እስከ ግርጌ የሚወርድ አንድ መስመር ይሰጣታል። መስመሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ እየያዘች፣ ይቺን ከፍ፣ ያቺን ዝቅ ታደርጋለች። ከላይ ጎበጥ፣ ከታች ለጠጥ ብሎ፣ እግዜር የሠራው ኮረብታ እስኪመስል አትለቀውም። ከዚያ ዶዘሮቹ እሷ በሳለችው ልክ ይገፋሉ።

በዚያ ዓመት ከከተማው ዳር ያለው ትልቁ ክምር ደረሳት። ከልጅነቷ ጀምሮ በመስኮት የምታየው ነው። የከመሩትም አባቷ ናቸው፤ ቀድሞ እዚያ ይሠራ ለነበረ ድርጅት ሃያ ሁለት ዓመት ዶዘር ነድተዋል፤ ጆሯቸውንም የበላው የዶዘሩ ጩኸት ነው። ቀያሹ ይህን ሲሰማ፣ «አባት ያጎበጠውን ልጅ ታቃና» ብሎ ሳቀ።

ክምሩን ሃያ ስድስት ቦታ ቆረጠችው። እስከ አስራ ሦስተኛው ድረስ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰላት። አስራ አራተኛውንም አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ጨርሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ረቡዕ ጠዋት ስትከፍተው መስመሩ መሐል ላይ ስርጉድ አለ። ሊጥ ላይ አውራ ጣት እንደተጫነ ያህል ትንሽ ነው። ተሳስቼ ነው ብላ አስተካከለችው። ሐሙስ ጠዋት ስርጉዱ ተመልሶ ጠበቃት። አርብም እንዲሁ።

ቀያሹ ጋ ሄደች።

«ቀልድህን ተው። አስራ አራተኛውን አትንካብኝ።»

«እኔ በእግሬ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ» አላት። «እዚያ ማሽንሽ ውስጥ ጣቴን አታስገቢብኝ።»

ፊቱን አየችው፤ እየዋሸ አልነበረም። ያን ቀን ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆለፈችው። ሰኞ ስትከፍተው ስርጉዱ ነበረ። በዚያ ላይ ጠልቋል። መጀመሪያ ስትለካው አርባ ሳንቲሜትር ነበር፤ አሁን አርባ አምስት ሆኗል።

ለኃላፊው ነገረችው። እሱም የፋይሉን መዝገብ ከፍቶ አሳያት፤ ከእሷ በኋላ ማንም አልነካውም። «ደክሞሻል» አላት ለስለስ ብሎ። «ጥቂት ቀን ፈቃድ ብትወስጂስ?»

መፍትሔ ያመጣው ቀያሹ ነው። «ሶፍትዌሩ የመሬቱን ልክ የሚወስደው እኔ በድሮን ካነሳሁት አይደል? መሬቱ ራሱ እየሰመጠ ቢሆንስ?» አለ። ይህን ስትሰማ ከደረቷ ላይ ድንጋይ የወረደላት መሰላት። ቀያሹ ግን የበረራውን መዝገብ አገላበጠ። በጉም ምክንያት ድሮኑ ከተነሳ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ከክምሩ ወደ ኮምፒውተሩ የገባ አንድም ቁጥር የለም።

«ለማንኛውም ሄደን እንየው» አለ።

በማግስቱ ከመውጣቷ በፊት ፋይሉን ከፈተችው፤ አርባ ስምንት ይላል። ረፋድ ላይ ክምሩን ወጡ። ጉሙ እስከ ወገቡ ወርዶ ነበር። አስራ አራተኛው መስመር የሚያልፍበት ቦታ ሲደርሱ፣ መሬቱ አንዲት ክፍል ቤት በምታህል ስፋት ረገብ ብሏል። ጠርዙ አልተሰነጠቀም። ከሥር ሰው ቀስ ብሎ የሳበው ነው የሚመስለው። ቀያሹ መሣሪያውን ተክሎ አነበበና ወረቀቱን ሰጣት። አርባ ስምንት።

ያን ጊዜ ነው የሰሙት። ድምፁን ከጆሯቸው ይልቅ እግራቸው ነው የሰማው፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ዓይነት፣ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ጉርጉርታ። በዚያ ቀን ክምሩ ላይ የሚሠራ ማሽን አልነበረም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቀጥ አለ።

«ከመንገድ ላይ መኪና ነው» አለ ቀያሹ።

መንገዱ ከኮረብታው ማዶ ነው። ሲወርዱ አልቀለደም።

እሷ የመስመሩን ሥዕል አትማ ለምሳ ቤቷ ሄደች። አባቷ ሾርባቸውን እየጠጡ ነበር። እዚያ አካባቢ ምን ዓይነት አፈር እንደተደፋ ልትጠይቃቸው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አባቷ ሥዕል ማንበብ አይችሉም። ጣታቸው ግን ምንም ሳይፈልግ ሄዶ ስርጉዱ ላይ ቆመ።

«ይሄ የት ጋ ነው?»

«ከአሮጌው መንገድ በላይ፣ በምሥራቅ በኩል» አለች ጆሯቸው ሥር ጮክ ብላ።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሾርባውን ገፋ አደረጉና ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገሯትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብሳቸውን ለባብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እዚያ ሥር ሰው አለ» አሏት።

ጓደኛቸው ነበር። ሁልጊዜ ስለሚስቅ «ጥርሱ» ይሉት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ነበር የሚገፉት። ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ክረምት ነበር፤ ከክምሩ ሥር ምንጭ መኖሩን ማንም አላወቀም።

«መሬቱ ተከፈተና ዶዘሩን ዋጠው። ቀስ ብሎ ነው የገባው፣ ጎሽ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ። በአካፋ ደረስን፤ ግን የምናወጣው ሁሉ ተመልሶ ይገባል። አለቃችን መጣ። ቁልቁለቱ ተንቀሳቅሷል፣ ካልተደፈነ ሁላችሁንም ይዞ ይወርዳል አለ። ድፈነው አለኝ።»

«አንተን?»

«እኔን። ማሽን ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።» መዳፋቸውን አዩት። «ሞተሩ ከሥር ገና ይሠራ ነበር፣ ልጄ።»

«ይሰማህ ነበር?»

«ይሰማኝ ነበር። ጆሮዬ ከደነቆረ ወዲህ ደግሞ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነው።»

ለሚስቱ ሌላ ሴት ይዞ ጠፋ ተብሎ ተነገራት። አለቃው ነው የነገራት፤ አባቷ ከጎኑ ቆመው ነበር። «አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ እናትሽ ታማ ተኝታ ነበር። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆድ ግን አልፈጀውም።»

ሰኞ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ታሪኩን ሰምቶ ግንባሩን አሸ። መቆፈር ዕቅድ ውስጥ የለም፤ አንድ የጃጁ ሽማግሌ ስለተናገሩ ኮረብታ አይገለበጥም አለ።

«እንግዲያው አስራ አራተኛውን አልፈርምም» አለች።

«ሌላ ሰው ይፈርመዋላ።»

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ቀያሽ፣ «የመሬቱን ልኬት የሚፈርመው እኔ ነኝ፤ እኔም አልፈርምም» አለ። ኃላፊው ሁለቱንም እያፈራረቀ አየና ስልኩን አነሳ። ፖሊስ ተጠራ፤ እንዲቆፈርም ታዘዘ።

ስድስት ቀን ተቆፈረ። በአስራ አንድ ሜትር ጥልቀት ዶዘሩ ተገኘ፤ አልተገለበጠም፤ እንደቆመ ነው። ማርሹ ወደ ኋላ ገብቷል። «ጥርሱ» የሚሉት ሰውዬም ወንበሩ ላይ ነበር፤ ከእሱ የተረፈው አጥንት። አብሯቸው የነበረ መካኒክ የነዳጁን ጋን መትቶ ባዶ መሆኑን ነገራቸው። ጋኑ ዝጎ ነዳጁ ይፍሰስ ወይስ ሞተሩ ሲሠራ ተቃጥሎ ይለቅ፣ ይህን ማወቅ አይቻልም አለ። ቀያሹ ይህን ሲሰማ ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

አባቷ ቃላቸውን ለፖሊስ ሰጡ። አለቃው ከሞተ ቆይቷል፤ ድርጅቱም ፈርሷል። መርማሪው ስንፈልግዎ እንጠራዎታለን ብሎ አሰናበታቸው፤ እስካሁን ግን አልጠራቸውም።

ወደ «ጥርሱ» ሚስት ቤት ግን ራሳቸው ሄዱ። ከእነሱ ቤት ሁለት ቅያስ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ሲያልፉ ማዶ ማዶውን ነበር የሚሄዱት። አብራቸው የሄደችው ልጃቸው ደግፋ አስገባቻቸው። ሴትዮዋ፣ ደቃቃ አሮጊት፣ ወንበር ሰጥተው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። አባቷ ሁሉንም ተናገሩ፤ ማን እንደገፋ፣ ማን እንደዋሸ፣ እሳቸው የት እንደቆሙ። ሴትዮዋ ሳያቋርጡ ሰሙ። አላለቀሱም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«በየቀኑ ነው የረገምኩት» አሉ። «ጠዋት ስነሳ መሬት ይብላህ እለው ነበር። አሁን ይሄንን ምን ላድርገው?»

አባቷ አልሰሙም። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ምን አሉ?» አሏት።

ሌላ ነገር ብትላቸው ወደደች። ሴትዮዋ ግን እያዩአት ነው። እናም ጎንበስ ብላ፣ ጆሯቸው ሥር፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል ደገመችው። ሁለተኛ ጠየቋት፤ ሁለተኛ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ጉድጓዱ ሲደፈን አስራ አራተኛውን መስመር ከአዲስ ሳለችው። በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ልትከፍተው አልደፈረችም፤ ቀያሹ እስኪመጣ ጠበቀች። አብረው ከፈቱት። መስመሩ የትም ሳይሰረጉድ እንደሳለችው ወረደ። ሁለቱም ግን ምሳ ሰዓት እስኪደርስ እየተመላለሱ ያዩት ነበር። መጀመሪያ ስለተመለሰው ስርጉድ፣ መሬቱ ሳይለካ ፋይሉ እንዴት ልኩን እንዳወቀ፣ ሶፍትዌሩን የሸጡት ሰዎች ተጠይቀው እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

አባቷ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መዶሻና ምስማር ይዘው ወደ ሴትዮዋ ቤት ይሄዳሉ። አጥሩ አርጅቷል። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም አላባረራቸውም። ሴትዮዋ በሩን ዘግተው ይውላሉ። አንድ ቅዳሜ፣ በአራተኛው ወር ገደማ፣ ከቤት ወጥተው የታችኛው በኩል እየዘመመ ነው አሏቸው። አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ይመቱ ስለነበር አልሰሙም። ሴትዮዋ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ጠጋ ብለው እጅጌያቸውን ያዝ አደረጉና የዘመመውን እንጨት በእጃቸው አሳዩአቸው።